መብራት ሲሄድም ይነዳል

አንድ ጸሐፊ በክረምት ቤት ውስጥ ብስክሌት መንዳት እንዳይሰለች በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር መወዳደርን መክረዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ደሴ ላይ ሐምሌ ሲገባ መብራቱም ኔትወርኩም አይታመንም። እኔ ብስክሌቴን የምነዳው የኋላ ጎማውን ይዞ መሽከርከሩን በማግኔት በሚያከብድ ተራ ማቆሚያ ላይ ነው፤ መብራት አይጠይቅም። እናቴ ግን «የትም የማይደርስ መንገደኛ» እያለች ትስቅብኛለች።

ሰውን የሚያስተወው ርዝመቱ ይመስለኛል። ቤት ውስጥ ቁልቁለት የለም፣ እግር አያርፍም። ውጭ 2 ሰዓት የለመደ ሰው እዚህም ካልሞላሁ ካለ ወዲያው ይታክተዋል። 40 ደቂቃ ይበቃል፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ጠንከር፣ 3 ደቂቃ ቀለል እያሉ አራት ዙር፣ የቀረችው ለማቀዝቀዣ። ጠንከር የምትለዋን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስንወጣ ያለውን የሐረጎን ዳገት እያሰብኩ ነው የምገፋት፤ መስከረም ላይ እዚያው እንገናኛለንና።

መስኮት ክፈቱ። ነፋስ ስለሌለ በደሴ ብርድም ላብ ይንቆረቆራል፤ ብሎኑን እንዳያዝገው መሪው ላይ ፎጣ ጣል አድርጉ። ያረጀ ጎማ ካላችሁ ለዚህ አቆዩት፣ ማቆሚያው አዲሱን ይበላዋል። ከታች ተከራይ ካለ ደግሞ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፉ፣ ድምፁ ቀላል አይደለም።