ጠያቂው አንብቦ ይግባ፣ ደራሲው አንድ ገጽ ያንብብልን

በቅርቡ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከሜክሲኮ ወደ አየር ጤና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆኜ በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የሚተላለፍ የመጽሐፍ ፕሮግራም አዳመጥኩ። እንግዳው አዲስ ልብ ወለድ ያሳተመ ደራሲ ነበር። አዘጋጁ በአክብሮት ከተቀበለው በኋላ የት ተወልዶ የት እንዳደገ፣ መጻፍ የጀመረው ስንተኛ ክፍል ሳለ እንደሆነ፣ ለመጻፍ ምን እንዳነሳሳው፣ ማን እንዳበረታታውና ለማሳተም ምን ያህል እንደተቸገረ ጠየቀው። ቀጥሎም መጽሐፉ ስንት ገጽ እንዳለው፣ ዋጋው ስንት እንደሆነና የት የት እንደሚገኝ ተነገረን። በመካከሉ ሁለት ጊዜ ሙዚቃ፣ ሦስት ጊዜ ማስታወቂያ ገባ። ሰዓቱ ሲያልቅ ደራሲው ባለቤቱን፣ ጓደኞቹንና ማተሚያ ቤቱን አመስግኖ ተሰነባበቱ። ከሚኒባሱ ስወርድ ስለ ሰውየው ብዙ አውቄ ነበር። ከመጽሐፉ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ አልሰማሁም፤ በውስጡ እነማን እንዳሉ፣ ምን እንደሚገጥማቸው፣ በምን ዓይነት አማርኛ እንደተጻፈ የነገረኝ የለም።

ይህን የማነሳው ያን አዘጋጅ ለመውቀስ አይደለም። ለዓመታት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን እየፈለግሁ ስሰማ እንደኖረ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገጥመኝ ይኸው ዓይነት ጭውውት ስለሆነ ነው። ደራሲው ዓመታት የደከመበትን ሥራ ይዞ ማይክራፎን ፊት ይቀመጣል፤ የሚጠየቀው ግን መጽሐፉን ጨርሶ ባይጽፈውም ሊመልሰው የሚችለውን ነገር ነው። የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ስለ አዲስ መጽሐፍ የሚደረግ የሬዲዮ ጭውውት ጠያቂው መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አንብቦ የሚገባበት፣ ደራሲውም ቢያንስ አንድ ገጽ በገዛ ድምፁ የሚያነብበት፣ ወሬውም ከዚያ ገጽ የሚነሳበት መሆን አለበት። ይህ ከሌለ አድማጩ የሰማው የመጽሐፍ ማስታወቂያና የሕይወት ታሪክ ቅልቅል ነው።

የእኛ አገር አድማጭ መጽሐፍን በጆሮው የመቀበል ልምድ አለው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ገዝቶ ካነበበው ሰው ይልቅ፣ ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ሲተርከው የሰማው ይበዛል ብል የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም። እስከ ዛሬ ድረስ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ስም ሲነሳ በብዙ ሰው ጆሮ የሚመጣው የወጋየሁ ድምፅ ነው። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ሳይቀሩ ታሪኩን ከነአነጋገሩ ያውቁታል። ያን ጊዜ ለአድማጩ የቀረበለት ጽሑፉ ራሱ ነበር፤ ደራሲውን ለምን ጻፍከው፣ ማን ረዳህ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ አድማጩም አልጎደለበትም። ያን የመሰለ ቅርስ ባለበት አገር፣ በመጽሐፍ ስም በተያዘ የአየር ሰዓት ውስጥ አንድ አንቀጽ እንኳ ሳይነበብ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አማርኛን ጮክ ብሎ ማንበብ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም። «ገና» ተብሎ የተጻፈው በዓሉ ይሁን ያልደረሰው ጊዜ፣ «አለ» የተባለውም መናገሩ ይሁን መኖሩ፣ አንባቢው ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። «ይሰማል» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ «ሰ» እና «ማ» ሲላሉ ሰውየው ያዳምጣል ማለት ነው፤ ሲጠብቁ ደግሞ ድምፁ ለሌላው ይደርሳል ማለት ነው። በስድ ንባብ ዐውዱ ነገሩን ይፈታዋል። በግጥም ግን ገጣሚው ወርቁን የሚደብቀው ብዙ ጊዜ እዚያው መጥበቅና መላላት ውስጥ ነው፤ ኅብረ ቃሉ በዓይን አንድ ሆኖ በጆሮ ሁለት ነው። ባለቤቱ ሲያነብበው የትኛውን እንዳጠበቀ፣ የት እንዳረፈ፣ የትኛውን ቃል ረገጥ አድርጎ የትኛውን እንዳለፈው እንሰማለን። በልብ ወለድም ቢሆን የወሎዋ ባልቴት ወይም የጎጃሙ ገበሬ በምን ዜማ እንደሚናገሩ ወረቀቱ ሊነግረን የሚችለው በከፊል ነው፤ ቀሪው ያለው በጻፈው ሰው ጆሮ ውስጥ ነው። ይህን ከጋዜጣም ሆነ ከመጽሐፉ ከራሱ ማግኘት አይቻልም። ሬዲዮ ብቻ የሚሰጠን ነገር ሆኖ ሳለ ሳንጠቀምበት እናልፈዋለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱሪ ላሳጥር በገባሁበት አንድ ልብስ ስፌት ቤት የሰማሁት ጭውውት አይረሳኝም። ሰፊው ሬዲዮውን ክር ከሚደረድርበት ሣንቃ ላይ አስቀምጦ፣ የድሮ የእግር መኪናውን እየረገጠ ይሠራል። እንግዳዋ በዕድሜ ገፋ ያሉ ደራሲ ነበሩ። አዘጋጇ ብዙ ሳታወራ «እስቲ ያቺን የሰፌዷን ቦታ ያንብቡልን» አለቻቸው። ደራሲዋ ጉሮሯቸውን ጠርገው አነበቡ፤ ባሏ የሞተባት ሴት የተዋሰችውን ሰፌድ ልትመልስ ጎረቤቷ ደጃፍ ደርሳ፣ ከውስጥ ሳቅ ስትሰማ በሩን ሳታንኳኳ ሰፌዱን እንደያዘች የምትመለስበት ክፍል ነበር። ሰፊው እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ንባቡ ሲያበቃ አዘጋጇ «ለምን አላንኳኳችም?» ብላ ብቻ ጠየቀች። ደራሲዋ ቶሎ አልመለሱም። ለአፍታ በሬዲዮው ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም፤ ጣቢያው የተቋረጠ መስሎን ተያየን። ከዚያ፣ መጀመሪያ ሲጽፉት ሴትዮዋ አንኳኩታ ገብታ ቡና ጠጥታ እንደነበር፣ ኋላ ላይ ግን ያን ሁሉ እንደሰረዙት ነገሩን፤ ለምን እንደሰረዙትም ረጋ ብለው አስረዱ። ሰፊው ወደ እኔ ዞሮ «ርዕሱን ማን አሉት?» አለኝ። እኔም አልያዝኩትም ነበር። መጨረሻ ላይ ሲደገም በጨርቅ ቁራጭ ላይ በጠመኔው ጻፈው። በዚያ ጭውውት ውስጥ የገጽ ብዛት ሲነገር አልሰማሁም።

አዘጋጇ ያችን ባለሁለት ቃል ጥያቄ ልትጠይቅ የቻለችው መጽሐፉን ስላነበበች ነው። ያላነበበ ጠያቂ ሴትዮዋ በር ላይ መቆሟንም አያውቅም። ያላነበበ ሰው በድምፁ ያስታውቃል። የጀርባ ሽፋኑን ጽሑፍ ቃል በቃል ይደግማል፤ ማይክራፎኑ አጠገብ ገጽ ሲያገላብጥ ይሰማል፤ «በመጽሐፉ ምን መልእክት ማስተላለፍ ፈለጉ?» ብሎ ሥራውን ሁሉ ለእንግዳው ይተውለታል። ደራሲም በዚህ ጥያቄ ይጎዳል፤ ሦስት መቶ ገጽ የፈጀበትን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ምክር አድርጎ እንዲያቀርብ ስለሚገደድ፣ ከራሱ መጽሐፍ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ካላነበበ ሰው የሚመጣ ሙገሳም ለደራሲው አይጠቅመውም። «ድንቅ ሥራ ነው» መባል ደስ ቢልም፣ የመሀሉ ምዕራፍ ለምን እንደተንዛዛ ወይም አንድ ገጸ ባሕርይ ለምን ያለ ምክንያት እንደጠፋ የሚጠይቅ ሰው ነው መጽሐፉን ያከበረው።

በሌላ አገር ይህን ጉዳይ እንደ ሥራ የያዙት ሰዎች አሉ። ማይክል ሲልቨርብላት እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2022 በካሊፎርኒያው ኬሲአርደብሊው ጣቢያ «ቡክወርም» የተባለውን ፕሮግራም ሲያዘጋጅ፣ የሚታወቀው አዲሱን መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን እንግዳው እስከዚያ ቀን የጻፈውን ሁሉ አንብቦ በመግባቱ ነበር። በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ደግሞ ጄምስ ኖክቲ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በመራው «ቡክክለብ» መጽሐፉን አስቀድመው ያነበቡ ሰዎች ከደራሲው ጋር ተቀምጠው ራሳቸው ይጠይቃሉ። ይህ ሁለተኛው መንገድ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በየሰፈሩና በየዩኒቨርሲቲው የንባብ ክበባት አሉ፤ ስምንትና ዘጠኝ አንባቢ ስቱዲዮ ማስገባት ባይቻል እንኳ ሁለቱን መጋበዝ፣ የሌሎቹን ጥያቄ ደግሞ በስልክ ቀድቶ ማምጣት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። የሕይወት ታሪክን አንስቶ ረጅም ጨዋታ መጫወት በራሱ የተከበረ የሬዲዮ ሥራ ነው። በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረው ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 መዓዛ ብሩ በ«የጨዋታ እንግዳ» ከታላላቅ ሰዎች ጋር ያደረገቻቸው፣ አንዳንዶቹ ሳምንታት የቀጠሉ ጭውውቶች ለታሪክ የሚቀመጡ ናቸው። እዚያ ዋናው ጉዳይ ሰውየው ነውና ልጅነቱ፣ ትምህርቱ፣ እስራቱና ስደቱ መነሳታቸው ተገቢ ነው። አዲስ መጽሐፍ ይዞ ለመጣ እንግዳ በተመደበ አርባ ደቂቃ ውስጥ ግን ያንኑ መንገድ መከተል ልክ አይደለም። ለልጅነቱ በቂ ጊዜ የለም፤ መጽሐፉም ሳይነሳ ይቀራል። የመጀመሪያ ሥራውን ያሳተመ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ደግሞ ገና ብዙ የሚተረክ የሕይወት ታሪክ የለውም። ያለው መጽሐፉ ነው።

የአዘጋጆቹ ችግር አይጠፋኝም። በኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን የአየር ሰዓት ተከራይተው የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች ስፖንሰሩን ራሳቸው ይፈልጋሉ፣ እንግዳውን ራሳቸው ይጠራሉ፣ ቅጂውንም ራሳቸው ያርማሉ። መጽሐፉ በእጃቸው የሚገባው ብዙ ጊዜ ደራሲው ስቱዲዮ ሲደርስ፣ ከነፊርማው ነው። በዚህ ሁኔታ አንብበህ ግባ ማለት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይሁን እንጂ መፍትሔው በአብዛኛው የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ደራሲው መጽሐፉን ከቀረጻው አሥራ አምስት ቀን በፊት ያድርስ፤ አዘጋጁም አንብቤ አልጨረስኩም ካለ ፕሮግራሙ በአንድ ሳምንት ይራዘም። መጽሐፍ እንደ ዕለታዊ ዜና አያረጅም፤ ምረቃው ካለፈ ከወር በኋላ የተደረገ፣ የተነበበበት ጭውውት በምረቃው ማግስት ከሚደረግ ያልተነበበበት ይሻላል። በየሳምንቱ አንድ መጽሐፍ አንብቦ መጨረስ የማይቻል ከሆነም፣ በወር ሁለት እንግዳ አቅርቦ በቀሪዎቹ ሳምንታት ከእነዚያው መጻሕፍት እያነበቡ ማሰማት ይቻላል።

ደራሲዎች ደግሞ ሁለት ስጋት ሲያነሱ እሰማለሁ። አንደኛው ከተነበበ ማን ይገዛል የሚለው ነው። ሙሉውን መጽሐፍ በሬዲዮ መተረክ የደራሲው ፈቃድ የሚያስፈልገው ጉዳይ መሆኑ እርግጥ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጸሐፊውን መብት ይጠብቃል። ደራሲው ራሱ መርጦ ራሱ የሚያነብበው አንድ ገጽ ግን ገበያውን ሊጎዳ አይችልም። ገዢውን ወደ አዟሪው የሚወስደው የመሸጫው አድራሻ ሳይሆን የሰማው ነገር ነው፤ ልብስ ሰፊው ጠመኔውን ያነሳው ዋጋ ተነግሮት አልነበረም። ሁለተኛው ስጋት ታሪኩ አስቀድሞ ይታወቃል የሚል ነው። ይህ ገጽ በመምረጥ የሚፈታ ነው፤ መጨረሻውን የሚነግር ገጽ እንዲነበብ የጠየቀ የለም።

ከገዢው ሌላ፣ ላይገዛው የሚችለውንም አድማጭ ማሰብ ይገባል። የመጽሐፍ ዋጋ በወረቀት መወደድ ምክንያት ከዓመት ዓመት ሲጨምር፣ ደመወዙ ለአስቤዛ የማይበቃው ሰው መጽሐፍ መግዛቱን ይተዋል። ዓይነ ስውራን አሉ። የሌሊት ጥበቃዎች አሉ። በቤይሩትና በሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ፣ ፕሮግራሙን በስልካቸው ከዩቲዩብ የሚሰሙ እህቶች አሉ፤ እነሱ ዘንድ የአዲስ አበባ መጽሐፍ የሚደርሰው የሚመጣ ሰው በሻንጣው ከያዘላቸው ነው። ለእነዚህ ሁሉ ያ አንድ ገጽ ከመጽሐፉ የሚደርሳቸው ብቸኛው ክፍል ሊሆን ይችላል። የትና በስንት ብር እንደሚገኝ መስማት ግን ምንም አይፈይድላቸውም።

ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ያሳተመች አንዲት ወዳጄ ለሬዲዮ ተጋብዛ የትኛውን ገጽ ላንብብ ብላ አማከረችኝ። አዘጋጁ ንባብ አልጠየቃትም፤ እሷ ናት ማንበብ እፈልጋለሁ ያለችው። መጀመሪያ የመረጠችው የመክፈቻውን ገጽ ነበር። ጮክ ብላ ስታነብበው በስድስት መስመር ውስጥ አምስት የሰውና ሦስት የቦታ ስም አለ፤ በዓይን ሲነበብ ያላስቸገረው በጆሮ ሲሰማ ተምታታብኝ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች የሟች አባታቸውን በሬ ሊሸጡ ገበያ የሚወርዱበትን ገጽ ሞከርን። በመንገድ ላይ ስለ በሬው ብቻ ያወራሉ፤ ስለ አባታቸው አንድም ቃል አያነሱም። ሦስት ደቂቃ ከግማሽ ፈጀ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ግን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቃታት፤ ሁለት ጊዜ ሞክራ መሀሉ ላይ ቆመች። እርሳስ አነሳችና ታትሞ ባለቀው መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ትንሽ ሰረዝ አደረገች፤ የምታርፍበት ቦታ መሆኑ ነው። ቀረጻው ሐሙስ ነው።