1890 ላይ አይቁሙ

አንድ ጸሐፊ የአንድ የኦሃዮ ገበሬ ቤተሰብን በየአሥር ዓመቱ በሚካሄደው የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ከ1850 እስከ 1880 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ተከትለው፣ 1890 ላይ ዱካው እንደጠፋባቸው ጽፈዋል። እባክዎ ተስፋ አይቁረጡ! ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። የዚያ ዓመት መዝገብ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሳ እሳት ክፉኛ ተጎዳ፤ የተረፈውም አብዛኛው በኋላ ተወገደ። በቀጥታ ወደሚቀጥለው፣ ወደ 1900 ቆጠራ ይለፉ። እዚያ የልደት ወርና ዓመት አለ። እናቶችም ስንት ልጅ እንደወለዱ፣ ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ተጠይቀዋል። የባለቤቴን ቅድመ አያቶች ስፈልግ «የወለደች 9፣ ያሉ 5» የሚል ሳነብ እንባዬ መጣ። ስማቸውን እንኳ ሰምተን የማናውቅ አራት ልጆች!

የእርሻ መዝገቡን ግን አላነሱትም። ከ1850 እስከ 1880 በነበሩት ቆጠራዎች እርሻው ለብቻው ይመዘገብ ነበር። ስንት ፈረስ፣ ስንት የሚታለብ ላም፣ ምን ያህል ስንዴ፣ ሌላው ቀርቶ በዓመቱ የተናጠው ቅቤ በፓውንድ ተጽፏል። የገበሬው ጓዳ ድረስ የገቡ ያህል ነው። እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው።

የገበሬው ስም ከጠፋብዎ ደግሞ ጎረቤቶቹን ይፈልጉ። ቆጣሪው ከቤት ቤት እየዞረ ስለሚጽፍ አማቾቹ ብዙ ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ይገኛሉ። እኛ የሴት አያቲቱን ወላጆች ያገኘናቸው ሁለት መስመር ከፍ ብሎ ነው።