ሪዳይሬክት ማስረጃ አይደለም

አንድ የዌብ አገልግሎት ሰጪ ሰሞኑን ለደንበኞቹ «ከፖርት 80 ወደ 443 ሪዳይሬክት ስለምናደርግ ያልተመሰጠረ ግንኙነት የለንም፤ ለይቶ መመዝገብም አያስፈልግም» ብሏል። ፖርት 80 ያልተመሰጠረው የኤችቲቲፒ በር ነው፣ 443 ደግሞ የተመሰጠረው የኤችቲቲፒኤስ በር፤ ሪዳይሬክት ማለት ሰርቨሩ ጠያቂውን «በዚያኛው ግባ» ብሎ መመለሱ ነው። አያስፈልግም የተባለውም በፖርት 80 የመጡትን ጥያቄዎች በሎግ፣ ማለትም በሰርቨሩ መዝገብ፣ ለይቶ መያዝ ነው። ማረጋገጫው በብራውዘር ላይ የሚታየው የጓጉንቸር ምልክት ነው። ጓጉንቸሩ የሚናገረው ስለተከፈተው ገጽ እንጂ ወደዚያ ስላደረሰው የመጀመሪያ ጥያቄ አይደለም። ክሮም ራሱ፣ ሰዎች ትርጉሙን እያሳሳቱ ስላስቸገሩ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ምልክቱን በሌላ ተክቶታል። ይህን ማስረጃ ብሎ ማቅረብ ያሳፍራል።

ሪዳይሬክት እኮ መልስ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ደግሞ ጥያቄው ከደረሰ በኋላ ነው። ሰርቨሩ 301 (ወደ ሌላ አድራሻ ሂድ) ብሎ እስኪመልስ ድረስ የተጠየቀው ዩአርኤል፣ «ሴኪዩር» (በተመሰጠረ መስመር ብቻ ይላክ) ያልተባለ ኩኪ፣ በኦቶራይዜሽን ሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚሄድ የፈቃድ መስመር) የተላከ ቶክን (እንደ ፓስወርድ የሚያገለግል ቁልፍ)፣ በፖስት (መረጃ ይዞ በሚሄድ ጥያቄ) የተላከ ፓስወርድ፣ ሁሉም መስመሩ ላይ አድፍጦ ለሚያነብ በግልጽ አልፏል። 301 ያፈሰሰውን አይለቅመውም። ይባስ ብሎ ብዙ ላይብረሪዎች (ፕሮግራም ጻፊዎች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ ኮዶች) ሪዳይሬክቱን ራሳቸው ስለሚከተሉ ፕሮግራም ጻፊው የሚያየው የመጨረሻውን 200 (ተሳክቷል) ብቻ ነው። ሥራው ስለተሳካለት አይጠረጥርም፣ አድራሻውንም አያርምም፤ ቶክኑ ለወራት በየቀኑ በግልጽ ይላካል።

«ኤችኤስቲኤስ አለን» የሚለውም አያድንም። ኤችኤስቲኤስ ብራውዘሩን «ወደዚህ ዶሜይን በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ግባ» የሚል ሄደር ነው። ብራውዘር ይህን ሄደር በኤችቲቲፒ ሲመጣለት አይቀበለውም፤ አስቀድሞ በኤችቲቲፒኤስ ካልገባ፣ ዶሜይኑም አብሮት በተጫነው ዝርዝር ውስጥ ከሌለ የመጀመሪያው ጥያቄ በግልጽ ሊወጣ ይችላል። ስክሪፕቶችና የቆዩ አፖችማ አብዛኞቹ ሄደሩን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

ለይቶ መመዝገብ ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የተለመደው «ኮምባይንድ» የሎግ ፎርማት ጥያቄው በኤችቲቲፒ ይሁን በኤችቲቲፒኤስ መምጣቱንም ሰርቨሩ የተቀበለበትን ፖርትም አይጽፍም፤ ሁለቱ ፖርቶች አንድ ፋይል ላይ ከጻፉ ተደባልቀው ይቀራሉ። በኤንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨር ፕሮግራም) ፎርማቱ ላይ «ስኪም» እና «ሰርቨር ፖርት» የተባሉትን መጨመር ይበቃል። የኦቶራይዜሽን ሄደር መኖር አለመኖሩንም በ«ማፕ» ትእዛዝ ከሌለ 0፣ ካለ 1 አድርጎ መጻፍ ነው። ቶክኑን ራሱን ግን ሎግ ውስጥ መጻፍ ሌላ ቀዳዳ መክፈት ነው። ምስጠራው ሎድ ባላንሰሩ (ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለው) ላይ የሚያበቃ ከሆነ ከኋላ ያለው ሰርቨር ሁሉንም ኤችቲቲፒ አድርጎ ስለሚያይ ጥያቄው መጀመሪያ በየትኛው ፕሮቶኮል እንደመጣ የሚናገረው ኤክስ-ፎርዋርድድ-ፕሮቶ የሚለው ሄደር መታየት አለበት። ባላንሰሩ ከውጭ የመጣውን ሄደር በራሱ የማይተካው ከሆነ ግን ማንም የፈለገውን ጽፎ ይልካል፤ ሎጉም ይዋሻል።

ፖርት 80 ላይ የሚመጣው አብዛኛው ነገር የስካነር ቦት (ቀዳዳ ፍለጋ የሚያስስ ፕሮግራም) ነው ቢሉኝ እቀበላለሁ። 1 የተመዘገበባቸውን መስመሮች ብቻ ለይታችሁ በአይፒና በዩዘር ኤጀንት (የጠያቂው ፕሮግራም ስም) ደርድሯቸው። «ኤችቲቲፒ፣ 80፣ ፖስት፣ 301፣ 1» የሚል መስመር በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከአንድ አይፒ ሲደጋገም ካያችሁ እሱ ቦት ሳይሆን የደንበኛ ፕሮግራም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ያ ቶክን ዛሬውኑ መሰረዝ አለበት። ኤፒአይም (ፕሮግራሞች የሚጠሩት መግቢያ) በፖርት 80 ሲጠራ ሪዳይሬክት ሳይሆን 403 (ተከልክሏል) ይመልስ፤ ፕሮግራም ጻፊው ስህተቱን ገና በሙከራ ቀን እንዲያየው።

አገልግሎት ሰጪው ማስታወቂያውን ያንሳና የፖርት 80 ሎጉን ይመርምር፤ ቶክናቸው በግልጽ ያለፈባቸውን ደንበኞችም አንድ በአንድ ያሳውቃቸው።