እርማት፦ ይግባኝ ክርክሩን እንደ አዲስ አያስጀምርም

«ኮምቦልቻ ፍርድ ቤት ብትረታም ግድ የለም፤ ደሴ ይግባኝ ስትል ጠበቃ ቀይረህ የቀረውን ደረሰኝ ታስገባለህ» ተብሎ ለነጋዴ የሚሰጠው ምክር ስህተት ነው። ይህን ያመነ ነጋዴ ንብረቱን ሊያጣ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 329 መሠረት በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ያልተነሣ ፍሬ ነገር በይግባኝ አይነሣም። አዲስ ማስረጃም የሚፈቀደው በጠባቡ ነው፤ ለምሳሌ የሥር ፍርድ ቤቱ (ጉዳዩን መጀመሪያ ያየው) ሊቀበለው የሚገባውን ማስረጃ አልቀበልም ብሎ ከሆነ። ስለዚህ ውሉ፣ የዕቃ ርክክቡ ሰነድና የባንክ ማስተላለፊያው ከመከላከያ መልሱ ጋር አብረው መያያዝ አለባቸው። ማስረጃ ውድቅ ከተደረገም ተቃውሞው በዚያው ዕለት መዝገብ ላይ ይስፈር፤ የይግባኝ ጠበቃው በዋናነት የሚሠራው በዚያ መዝገብ ነውና። የመዝገቡን ግልባጭ መስመር በመስመር አንብቦ የትኛው ጭብጥ (ፍርድ ቤቱ እንዲወስን የተያዘው ጥያቄ) በስህተት እንደተያዘ፣ የትኛው ማስረጃ እንደታለፈ ያሳያል።

የይግባኝ ጊዜው ፍርዱ ከተሰጠ ጀምሮ 60 ቀን ነው፤ ግልባጩን ወዲያው ይጠይቁ። «ጠበቃዬ አዘገየብኝ» ማለት በቁጥር 326 ለዘገየ ይግባኝ በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም፤ ለባለጉዳይ የሚከብድ ደንብ ቢሆንም ሕጉ ይኸው ነው።

ይግባኝ ማለት ብቻውን የፍርዱን አፈጻጸም አያቆምም። እግድ (አፈጻጸሙን የሚያቆም ትእዛዝ) በአቤቱታ ይጠየቃል፤ ፍርድ ቤቱም ዋስትና እንዲቀርብ ሊያዝ ይችላል።