ላሊበላ ብቻ አይደለም

ከዓለት ስለተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን «ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ለማየት ላሊበላ መሄድ ግድ ነው» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። እኛ የአዲስ አበባ የየካ ልጆች ምን እንበል ታዲያ? ዋሻ ሚካኤል የሚባለው ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን እኮ እዚሁ ከተራራው ላይ ነው።

እርግጥ ጣሪያው የለም፤ ክረምት ላይ ውስጡ ውሃ ይቋጥራል። ግን ዓምዶቹንና ግድግዳዎቹን ጠጋ ብላችሁ እዩ፣ ሁሉም ከአንድ ዓለት የወጡ ናቸው። አፈ ታሪኩ ከጥንቶቹ የአክሱም ነገሥታት ከአብርሃና አጽብሃ ጋር ያያይዘዋል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። ለኔ የሚቆጨኝ ዕድሜው አይደለም፣ የአዲስ አበባ ሰው ራሱ አለማወቁ ነው። ጫካው ጭር ስለሚል ብቻችሁን አትውጡ።

እንጦጦ ማርያምን ግን፣ ከዓለት የተፈለፈለች ባትሆንም፣ ሁሉም ያውቃታል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ናት። እዚያ ሙዚየሙን ሳታዩ አትመለሱ።

ዛሬም አገልግሎት የሚሰጥ ውቅር (ከዓለት የተፈለፈለ) ቤተ ክርስቲያን ከፈለጋችሁ ደግሞ አዳዲ ማርያም አለችላችሁ። በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጡሬ ስትደርሱ ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። ከላይ ስትመጡ ጣሪያዋ ከመሬቱ እኩል ስለሆነ እስክትጠጉ አትታያችሁም። በወሩ 21 ከሄዳችሁ ሕዝቡ ብዙ ነው፤ ተረጋግቶ ለማየት ሌላ ቀን ይሻላል። ነጠላ ያዙ። ጫማ ስለሚወለቅም ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉ፣ ድንጋዩ ይበርዳል። ጊዜ ከተረፋችሁ በዚያው መንገድ ወደ ጢያ ትክል ድንጋዮች መቀጠል ትችላላችሁ።