ማስተካከያ፦ በአውሮፓ ኅብረት የመኪና ኢንሹራንስ ለሴት አይረክስም

“አውሮፓ ውስጥ ሴት ለመኪና ኢንሹራንስ የምትከፍለው ከወንድ ያነሰ ነው፤ መኪናውን በሚስትህ ስም አድርገው” የሚል ጽሑፍ በሰፊው እየተጋራ ነው። መረጃው ጊዜው አልፎበታል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2011 በሰጠው ውሳኔ መሠረት፣ ከዲሴምበር 21 ቀን 2012 ወዲህ በኅብረቱ አገሮች በሚፈረሙ አዳዲስ ውሎች በፆታ ዋጋ መለየት አይቻልም። ዕድሜ፣ የመንዳት ልምድ፣ የአደጋ ታሪክና የመኪናው ዓይነት ግን ዛሬም ይታያሉ። አሜሪካ እንደየስቴቱ ነው፤ ካሊፎርኒያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች።

ከሁሉ የሚያሳስበው ምክሩ ነው። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው ባል ሆኖ ሳለ ፎርሙ ላይ ሚስትን ዋና አሽከርካሪ ብሎ መሙላት የሐሰት መረጃ መስጠት ነው። አደጋ ሲደርስ ኩባንያው ካሳ አልከፍልም ሊል ይችላል። እንዲህ የሞላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ደውላችሁ አስተካክሉ።