ባር ሃርበር «በቀን 1,000 ሰው ይበቃኛል» ማለቷ ልክ ነው

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር የምትባል የባሕር ዳር ከተማ አለች። ነዋሪዎቿ 5 ሺህ ገደማ ናቸው። ከጀርባዋ አካዲያ ብሔራዊ ፓርክ፣ ከፊቷ ፍሬንችማን ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ አለ። በጣም ታምራለች። ስለዚህም የመዝናኛ መርከቦች ይጎርፉባታል።

ትልልቆቹ መርከቦች የሚጠጉበት ወደብ የላትም። ባሕረ ሰላጤው ላይ መልህቅ ይጥሉና መንገደኞቹን በትናንሽ ጀልባዎች እያመላለሱ ያወርዳሉ። አንድ ትልቅ መርከብ ሲመጣ የከተማዋን ሕዝብ የሚያህል ሰው በአንድ ጠዋት ጥቂት ጎዳናዎች ላይ ይፈስሳል።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ነዋሪዎቹ ድምፅ ሰጡ። በቀን ከመርከብ የሚወርደው ሰው ከ1,000 እንዳይበልጥ ወሰኑ። ከዚያ በላይ ለሚወርድ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ 100 ዶላር ቅጣት አለ። የንግድ ሰዎች ከሰሱ፤ የፌዴራል ዳኛ በ2024 ሕጉን በአብዛኛው አጸናው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደንቡን የሚቀይር ሐሳብ ለድምፅ ቀርቦ ነበር። በጠባብ ልዩነት ወደቀ።

እኔ ከወሰኑት ጋር ነኝ።

የተቃወሙት ሰዎች ጭንቀት ግን ቀልድ አይደለም። ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ በመኪና የሚመጣው ቤተሰብ ይቀንሳል። መስከረምና ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ቀይና ወርቃማ ሲሆን ደግሞ መርከቦቹ ይበዛሉ። ለአንድ ባለ ሱቅ ይሄ ክረምቱን የሚሻገርበት ገንዘብ ነው። ቢሆንም የመርከብ መንገደኛ አልጋውም እራቱም መርከቡ ላይ ነው፤ አስቀድሞ ከፍሎበታል። ለጥቂት ሰዓት ወርዶ ይመለሳል። ጎዳናውን የሚያጨናንቀው ግን እኩል ነው።

ሜይን ውስጥ ገደብ ማበጀት አዲስ ነገር እንዳልሆነ የሎብስተር አጥማጆቹን ማየት ይበቃል። ሎብስተር ያ ባለ ትልልቅ መቆንጠጫ የባሕር እንስሳ ነው፤ የሜይን ባሕር ዳርቻ የሚኖረው በእሱ ነው። አጥማጁ ወጥመዱን ሲያወጣ በመለኪያ የጀርባውን ቅርፊት ይለካል። ከ8 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ከፍ ካላለ ወደ ባሕር ይመልሰዋል። ከ12.7 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነም ይመልሰዋል፤ ትልልቆቹ ብዙ ዘር የሚተኩት ናቸውና። እንቁላል የያዘች ሴት ካገኘ ጅራቷ ላይ ትንሽ ምልክት ቆርጦ ይለቃታል። በሌላ ቀን ሌላ አጥማጅ ቢይዛት፣ እንቁላል ባይኖራት እንኳ፣ ምልክቱን አይቶ ይለቃታል። እጁ የገባውን ገንዘብ ለማያውቀው ሰው ሲል ወደ ውኃ ይመልሳል ማለት ነው! ይሄ ነገር ልቤን ይነካኛል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የግዛቱ አጥማጆች ወደ 60 ሺህ ቶን ሎብስተር አወጡ። የባሕሩ መሞቅም የራሱ ድርሻ ነበረው። ግን እናቶቹ ባይጠበቁ ኖሮ የሚበዛው ዘር ከየት ይመጣ ነበር?

እንዲህ የለመደ ሕዝብ «በቃኝ» ሲል እንግዳ ጠላ ማለት ግፍ ነው። ደግሞም ባሕረ ሰላጤው ባዶ ውኃ አይደለም። ከላይ የሚንሳፈፉት ባለ ቀለም ምልክቶች የወጥመድ ማሰሪያዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱ ቀለም አለው። መርከብ ገመዱን ከቆረጠው ወጥመዱ ታች ይቀራል፤ ኪሳራው የአጥማጁ ነው።

መሄድ የምትፈልጉ ሂዱ። ከቻላችሁ በትንሽ መርከብ፣ ካልሆነም በየብስ ሄዳችሁ እደሩ። በበጋ ከተማውንና ፓርኩን የሚያገናኝ ነጻ አውቶቡስ አለ። ማደር የሚጠቅመው ለከተማዋ ብቻ አይደለም። ባሕሩ ሲሸሽ ከከተማዋ እስከ ባር ደሴት የሚያስኬድ የጠጠር መንገድ ብቅ ይላል። በእግር የሚኬደው ውኃው በጣም ከሚጎድልበት ሰዓት በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ሰዓቱ ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ከመርከቡ ፕሮግራም ጋር ላይገጥም ይችላል። ያደረ ሰው ግን ጠዋት ቢያመልጠው ማታ ይደርስበታል።